ወድቃ የማታውቅ መኪና

አባቴን በቀበርንበት ቀን፣ ከቀብር መልስ፣ የአባቴ ባልንጀራ ኩማ ድንኳኑ መሐል ቆሞ የሕይወት ታሪኩን አነበበ። የትውልድ ዘመኑን፣ ፎቶ ቤቱን፣ ለጸሎት ቤቱ የሰጠውን ስድስት አግዳሚ ወንበር ሁሉ በየተራው ጠራና ወረቀቱን አጠፈ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ከራሱ ጨመረ።

«ማቴዎስ ጥንቁቅ ሰው ነበር» አለ። «እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ መኪናው አንድም ዓመት ምርመራ ወድቃ አታውቅም።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ሳቅ አመለጠኝ። ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ ሳቅሁ። ከጎኔ የተቀመጠችው ጎረቤታችን የማለቅስ መስሏት ጀርባዬን መታ መታ እያደረገች፣ «አይዞሽ ብርቅዬ፣ ያንቺ አባት ስም ጥሎ ነው የሄደው» አለችኝ።

ስም! እናቴ የሞተችው በዚያች ወድቃ በማታውቅ መኪና ውስጥ ነው። ይህን ኩማ ያውቃል፤ ራሳቸውን የነቀነቁት ሽማግሌዎችም ያውቃሉ። ለእነሱ ግን ሁለቱ የማይገናኙ ነገሮች ናቸው። እናቴ የሞተችው በእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፤ መኪናዋ ያለፈችው በአባቴ ጥንቃቄ ነው። እግዚአብሔርም ዝም ብሎ ተሸክሞላቸው ኖሯል።

እኔ ሙሾ ማውረድ አልችልም። የማውቀውን ልንገራችሁ።

አባቴ አዋሳ ገበያው አጠገብ ፎቶ ቤት ነበረው። ግድግዳው ላይ አንድ ጥቁር ኮትና አንድ ቀይ ክራባት ተሰቅለው ይኖሩ ነበር። ክራባቱ ድሮ አንዴ ተቋጥሯል፤ ዳግመኛ አልተፈታም፤ በላስቲክ አንገት ላይ የሚጠለቅ ነው። ለጉርድ ፎቶ የመጣ ሁሉ ያንኑ ኮት ይለብሳል። ገበሬው፣ ዘበኛው፣ አስተማሪው፣ ሥራ ፈላጊው። ለቀጫጭኖቹ አባቴ ትርፉን ከጀርባቸው በልብስ መቆንጠጫ ይይዝላቸዋል። «ካሜራ ጀርባ አያይም» ይል ነበር። ያን ጊዜ በከተማው የወጣ መታወቂያ ሁሉ አንድ ኮት የለበሰ ነው። እኔም በልጅነቴ ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ቤታቸው እንደዚያ ያለ ኮት ያላቸው ይመስለኝ ነበር።

የመኪናውም ነገር የመጣው ከዚያ ኮት ነው።

መኪናችን ሚሌቼንቶ ነበረች። ጣሊያን ሠራሽ፣ በዕድሜ እኔን በብዙ የምትበልጥ፣ አመድማ። አባቴ አራተኛ ባለቤቷ ነበር። በሰፈራችን እንደ እሷ ያሉ ሌሎች ሁለት ነበሩ፤ አንዷ የኩማ፣ አንዷ የሸዋንግዛው። ኩማ የአንድ እርሻ ዕቃ ግምጃ ቤት ይጠብቅ ነበር፤ ሸዋንግዛው ወፍጮ ቤት ነበረው። በዚያ ዘመን አዲስ ጎማ በገበያ የለም። ቢገኝም በደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤውም በሰው ነው። አንድ ቀን ኩማ ከየት እንዳመጣቸው ያልተናገረውን፣ ማንም ያልጠየቀውን አራት አዳዲስ ጎማ ይዞ መጣ። አራት ጎማ ለሦስት መኪና።

ሌላ ሰው ዕጣ ይጥል ነበር። አባቴ ኮቱን አሰበ።

«እነዚህ ዓመቱን ሙሉ ኮረኮንች የሚልሱት ለምንድን ነው?» አለ። «መርማሪው የሚያያቸው በዓመት አንድ ቀን ነው።»

ሦስቱ እንዲህ ተባብለው ማኅበር ገቡ። የዕድር ድንኳን ለቅሶ ወደ ደረሰበት ቤት እንደሚሄድ፣ ጎማዎቹም ምርመራ ወደ ደረሰበት ሰው ይሄዳሉ። ባለ ተራው አስሮ ይሄዳል፤ ያልፋል፤ ቦሎውን፣ ያቺን የዓመቱን ማለፊያ ወረቀት፣ መስታወቱ ላይ ይለጥፋል፤ ተመልሶ ፈትቶ ያስረክባል። በነሱ ገበያ መሄድ፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ፣ ሰው ማድረስ ክልክል ነው። ዳኛው አባቴ፣ ጸሐፊው ኩማ። ጎማዎቹ የሚያድሩት በእኛ ዕቃ ቤት።

እኔ ይህን እንደ ልጅ ነበር የተረዳሁት። ለእኔ ጎማዎቹ የመኪናችን የበዓል ልብስ ነበሩ። በዓል በዓመት አንዴ ነው፤ የበዓል ልብስ ደግሞ በአዘቦት አይለበስም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጆንያቸውን ገልጬ በእርጥብ ጨርቅ እወለውላቸው ነበር። አዲስ ጫማ አዲስ ጫማ ይሸታሉ። ጎናቸው ላይ እንደ ጢም የቆሙ ቀጫጭን የጎማ ጸጉሮች አሉ፤ ጣቴን ሳሳልፍባቸው ይኮረኩሩኛል። መሐላቸው ላይ ያለው ቦይ ትንሿ ጣቴን ይውጣል። የዘወትሮቹ ጎማዎች ግን ቦይ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። እንደ ሸዋንግዛው መላጣ ያብረቀርቁ ነበር።

እናቴ ካሰች አንድ ጊዜ ጠየቀች። ሦስቱ ወንዶች በረንዳው ላይ ተቀምጠው የማኅበራቸውን ሕግ ሲያነቡ ሻይ እያቀረበች ነበር።

«እኔ የምሄደው በየትኞቹ ጎማዎች ነው?» አለች።

ሳቁባት። «አንቺ ቀላል ነሽ ካሱ፣ በባዶ ቸርኬም ትደርሻለሽ» አለ ሸዋንግዛው። አባቴ ከሁሉ አብልጦ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቀልዱ አልገባኝም ነበር፤ ከሚስቁት ጋር መሆን ግን ገብቶኛል።

መርማሪው ደምሴ ይባላል። ከወደ ሰሜን በሥራ የመጣ፣ ቀጭንና ረጅም፣ ካኪ ካፖርቱን በፀሐይም የማያወልቅ ሰው ነበር። በብስክሌት ነው የሚሄደው። ደረት ኪሱ ውስጥ እንደ ብዕር የምትቆም ቀጭን ብረት ነበረችው። ጎማ ሲያይ ይንበረከካል፣ ብረቷን ቦዩ ውስጥ ይሰካል፣ አውጥቶ ዓይኑ አጠገብ አድርጎ ያያታል፣ ይጽፋል። ከዚያ ያየውን ጎማ በጠመኔ ጭረት ያደርግበታል። ሰው ሰላም ሲለው ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ይመልሳል፤ ሻይ ሲጋብዙት ግን ጠጥቻለሁ ይላል። አባቴ አይወደውም ነበር። «ባለ ብስክሌት ባለ መኪና ሲያይ ሆዱ ይቃጠላል» ይላል። እኔም የደምሴን ሆድ ባየሁ ቁጥር ከካፖርቱ ሥር የሚነድ ነገር እፈልግ ነበር።

በ1977 ሰኔ ላይ አሠራሩ ተለወጠ። ድሮ መኪኖቹ በተለያየ ወር ነበር የሚጠሩት። ያን ዓመት የአንድ ሰፈር መኪና በሙሉ በአንድ ቀን ይቅረብ ተባለ። የእኛ ቀን ማክሰኞ ሆነ። ሦስት ሚሌቼንቶ፣ አራት ጎማ፣ አንድ ጠዋት።

«አንዳችን እንታመም» አለ ሸዋንግዛው።

«ማንም አይታመምም» አለ አባቴ። «ፎቶ ቤት ወረፋ ሲበዛ ምን አደርጋለሁ? የአንዱ ላብ ሳይደርቅ ኮቱን ለሌላው አለብሰዋለሁ። ኩማ ይገባል፣ ያልፋል፤ ከአጥሩ ጀርባ እንፈታለን። ሸዋንግዛው ያስራል፣ ይገባል። መጨረሻ እኔ።»

«ደምሴስ?»

«ደምሴ የሚያየው ፊቱ ያለውን ነው።»

እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ልጅ ባለበት መኪና ላይ መርማሪ አይጨክንም ተብሎ ነው።

የምርመራው ግቢ በሻሸመኔ መውጫ በኩል ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ ያደረ ነው። ከአጥሩ ጀርባ፣ ባሕር ዛፎቹ መሐል፣ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ሸሚዛቸውን ጠቅልለው ጭቃ ውስጥ ሲርመሰመሱ አየሁ። ክሪኩ ይንሸራተታል፤ ኩማ ይሳደባል፤ ሸዋንግዛው «ቶሎ፣ ቶሎ፣ ስሜን ጠሩት» ይላል። እኔ ቀሚሴን ዘርግቼ ብሎኖቹን እይዛለሁ። እንዴት ኮርቼ ነበር! አባቴ ልብሱን ለባልንጀሮቹ የሚያካፍል ቸር ሰው መሰለኝ። ሦስት ደጋግ ሰዎች ተረዳድተው ሲሠሩ ያየሁ መሰለኝ። ዛሬ ሳስበው፣ ሦስት ጎልማሶች የሰው ነፍስ የሚሸከመውን ነገር በጭቃ ውስጥ እየጎተቱ ድብብቆሽ ይጫወቱ ነበር። ብሎን ያዥዋም እኔ ነበርኩ።

የኩማ አለፈች። የሸዋንግዛውም አለፈች፤ ደምሴ ግን እሷ ላይ ከወትሮው ረዘም ያለ ጊዜ ተንበርክኮ ቆየ። ከዚያ እኛ ገባን።

«እንደምን አደሩ አቶ ማቴዎስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አቶ ደምሴ። እንደምንጊዜውም ተዘጋጅተን ነው የመጣነው።»

ደምሴ ተንበረከከ። ብረቷን ሰካ፣ አወጣ፣ አየ። ከዚያ ጎማውን እንደ ሰው ትከሻ መታ መታ አደረገውና፣ «እናንተስ እንዴት ዋላችሁ?» አለ። ለጎማዎቹ ነበር። «ከጠዋት ጀምሮ ስንገናኝ ሦስተኛችን ነው።»

ወረፋ የሚጠብቁት ሾፌሮች ሳቁ።

«ምን ማለትዎ ነው?» አለ አባቴ።

«ይኸውልዎት፣ የእኔ ጠመኔ። አንዱ ጭረት ከአቶ ኩማ፣ አንዱ ጭረት ከአቶ ሸዋንግዛው። ሦስተኛውን ልጨምርላቸው ወይስ ይበቃቸዋል?»

«የአንድ ፋብሪካ ጎማ ይመሳሰላል።»

«ይመሳሰላል። ጠመኔውም ከፋብሪካው አብሮት ነው የመጣው?»

ሾፌሮቹ እንደገና ሳቁ። የአባቴ ጆሮ ቀላ። ደምሴ ግን ከመሬት ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እኔ መስኮቱ አጠገብ ስለነበርኩ ሰማሁት።

«አቶ ማቴዎስ፣ ለእኔ ምኔም አይደለም። ክረምት ገብቷል፤ እርስዎ ደግሞ ታቦር ተራራ ላይ ነው የሚኖሩት። ይህችን ልጅ ይዘው ያንን ቁልቁለት የሚወርዱት በየትኞቹ ጎማዎች ነው?»

እናቴ የጠየቀችውን ጥያቄ ነበር የጠየቀው። ደምሴ ሦስቱንም መኪኖች ጣለ።

በቅናት የጣለን መሰለኝ። ብስክሌቱን አየሁና ናቅሁት። የሚያሳፍረኝ እስከ ዛሬ ያ ንቀት ነው፤ በሕይወቴ እንደዚያ ንጹሕ አድርጌ ሰው ንቄ አላውቅም።

ስንመለስ የፊት ቀኝ ጎማችን መተንፈስ ጀመረ። ታቦር ሥር ስንደርስ ጨርሶ ተኛ። አባቴ ወርዶ አየው። ብዙ ቆመ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

«ብርቅዬ፣ ሰውየው ብረት ሲሰካ አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«እዚህ ጎማ ላይ?»

«እዚህም ላይ።»

«ጠልቆ ገባ?»

አሰብኩ። ከብረቷ ብዙው ከዓይኔ ጠፍቶ ነበር። «ጠለቀ» አልኩ።

አቀፈኝ። የሚያቅፍ ሰው አልነበረም።

ሸዋንግዛው ከመሞቱ በፊት በነገረኝ መሠረት ጎማውን የጎዳው እሱ ራሱ ነው። በችኮላ ሲያስር ክሪኩ ተንሸራትቶ ጎኑን ነከሰው። አባቴም አይቷል። ብረቷ የጠለቀችው ደግሞ ጎማው አዲስ ስለነበረ ነው። የቦይ ጥልቀት መለኪያ ናት፤ ጥሩ ጎማ ላይ ትጠልቃለች፣ መጥፎው ላይ አትቆምም። የመሰከርኩት ለጎማው ጤንነት ነበር፤ ሰው የታሰረበት ግን በዚያው ምስክርነት ነው።

በሳምንቱ በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። አባቴ ደምሴን የከሰሰው በአሻጥር ነው፤ በችግር የተገኘ ጎማ ሆን ብሎ መብሳት፣ የሕዝብን እንቅስቃሴ ማሰናከል። አባቴ ያን ቀን የፎቶ ቤቱን ኮት ለብሶ ነበር። ኩማና ሸዋንግዛው ከጎኑ ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ አቆመኝና «ሕፃን አይዋሽም፤ ያየሽውን ተናገሪ» አለኝ።

«ብረት ሰካበት» አልኩ። «ከዚያ ጎማችን ተነፈሰ።»

አጨበጨቡልኝ።

ደምሴ ከኪሱ ብረቷን አወጣ። አልተቆጣም። መዳፉ ላይ ጫፏን አቁሞ፣ እጁ እስኪነጣ ተጫናት።

«ድፍን ናት፤ አትወጋም» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ እጁን ዘረጋ። «ነይ ልጄ፣ ንኪያት። አንቺው ንገሪያቸው።»

ከጠረጴዛው ወርጄ የአባቴ ኮት ውስጥ ተደበቅሁ። የብዙ ሰው ላብ ይሸታል። ከኋላ በኩል እናቴ ተነሥታ ስትቆም አየሁ፤ አፏ ተከፍቶ ነበር። አባቴ ዞር ብሎ አያት። ተቀመጠች። ሊቀመንበሩ ብረቷን ተቀብሎ «ማስረጃ ናት» አለና መሳቢያው ውስጥ ከተታት።

ደምሴ አራት ወር በቀበሌው እስር ቤት ተቀመጠ። ሥራውም ተነጠቀ። ሦስቱ መኪኖች በዚያው ሰሞን ቦሎ ተሰጣቸው፤ ያቺ ማክሰኞም ከመዝገብ ተሰረዘች። ወድቃ አታውቅም የሚባለው ለዚህ ነው።

በነዚያ አራት ወራት እናቴ ቀን ቀን ቆጮና ጎመን በሰሃን ይዛ፣ ከላይ ጨርቅ ሸፍና ትወጣ ነበር። «ለማን ነው?» ስላት «የታመመ ሰው አለ» ትለኛለች። እኔ የታመመው ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ጎረቤቶቻችንን ሁሉ በልቤ አንድ በአንድ ቆጥሬ ነበር። አባቴ አልጠየቃትም። የሚያውቀውን ነገር የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

በደምሴ ምትክ የመጣው መርማሪ ወገቡን ያመው ነበር፤ አያጎነብስም። ለእሱስ አዲስ ጎማ ማሰር ብክነት ነበር፤ እነ አባቴ ግን ማኅበራቸውን አላፈረሱም። የተጎዳውን አስጠገኑ። በ1978 ሰኔም በወጉ አስረው ሄዱ፣ በወጉ አለፉ፣ በወጉ ፈትተው ወደ ዕቃ ቤታችን መለሱ።

በነሐሴ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እናቴ ዓሣ ልትገዛ ወደ ሐይቅ ዳር መውረድ ፈለገች። ዝናቡ አባርቶ ነበር። አባቴ «ላድርስሽ» አላት። ቁልቁለቱ ላይ መኪናዋ እንደ ሳሙና ተንሸራተተች። በእናቴ በኩል የድንጋይ አጥር ላይ ሄዳ ተላተመች። አባቴ ግንባሩ ተጫረ። የፊት መስታወቱ ሲረግፍ ቦሎው የተለጠፈበት ቁራጭ ብቻ ሳይሰበር ተገኘ፤ የሁለት ወር ዕድሜ ነበረው።

ለቅሶው ላይ ሰው በዛ። ወንበር አለቀ፤ ከጸሎት ቤቱ የመጣውም አልበቃም። ጎረቤቶች ግቢውን ዞረው መቀመጫ የሚሆን ነገር ሲፈልጉ ዕቃ ቤቱን ከፈቱ። አራቱን ጎማዎች እያንከባለሉ አውጥተው፣ ሁለት ሁለቱን ደራርበው፣ ሳንቃ አጋደሙባቸው። ኩማና ሸዋንግዛው እዚያ ላይ ተቀመጡ። እናቴን ሊያድኗት ይችሉ የነበሩት ጎማዎች ላይ ተቀምጠው ለእናቴ አለቀሱ። አንዳቸውም አልተነሡም፤ አንዳቸውም ወደ ታች አላዩም። እኔ ከሥራቸው መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር። የጎማ ጸጉሮቹ ገና እንደቆሙ ናቸው። አንድ በአንድ ስነቅላቸው ዋልኩ። ማንም ተይ አላለኝም።

መኪናዋ ተቀጥቅጣ ተስተካከለች። በቀጣዩ ሰኔ ጎማዎቹ ታሰሩላት። አለፈች።

ሃያ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ አዲስ አበባ አንድ የጎማ መሸጫ ውስጥ ያችን ብረት አየኋት። ሻጩ አውጥቶ ሲሰጠኝ መዳፌ ላይ ጫፏን አቆምኩና ተጫንኳት። አትወጋም። አላለቀስኩም። መልሼ ሰጥቼው ወጣሁ። ደምሴ ያን ጊዜ ከከተማው ወጣ ብሎ ቡሹሎ ወርዶ ብስክሌት ይጠግን ነበር፤ ሰው ነግሮኛል። ሐዋሳ በመጣሁ ቁጥር ነገ እሄዳለሁ እላለሁ። በባጃጅ ቅርብ ነው። ሃያ ዓመት ፈጀብኝ፤ ያም ሆኖ አልደረስኩም።

የመጣው እሱ ነው።

አባቴ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ሽማግሌ በከዘራ እየተደገፉ ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። ካኪ ካፖርት ለብሰዋል። ኩማ አያቸውና ስልኩ ውስጥ አንገቱን ቀበረ። ተነሥቼ ጎንበስ አልኩ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉኝ።

«ጋሼ ደምሴ... እንዴት እዚህ ቤት መጡ?»

«ለአባትሽ አይደለም» አሉ። «ለካሰች ለቅሶ አልደረስኩም። ያኔ ይህን በር የማልፍበት ፊት አልነበረኝም። አራት ወር ሙሉ ምሳዋን በልቻለሁ።»

ከፊታቸው፣ የድንኳኑ ምሰሶ ላይ፣ የአባቴ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ጥቁር ኮትና ቀይ ክራባት። ካሜራ ጀርባ አያይም።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት» አልኩ።

ወደ ጓሮ ወሰድኳቸው። መኪናዋ አሁንም እዚያ ናት፤ አባቴ መንዳት ካቆመ ወዲህ ሸራ ለብሳ ትኖራለች። ሸራውን ገፈፍኩት። የመጨረሻው ዓመት ቦሎ ፀሐይ አንጥቶት መስታወቱ ላይ አለ።

«ይመርምሩልኝ።»

እጃቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ሰደዱ። «መሣሪያዬን ወስደውብኛል እኮ» አሉ፤ ትናንት የተወሰደ ይመስል። ከዚያ፣ «ክብሪት አለሽ?»

አንድ እንጨት ሰጠኋቸው። ከዘራቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው፣ በአንድ እጃቸው የመኪናዋን በር ይዘው ቀስ ብለው ተንበረከኩ። ልደግፋቸው ስል «ተይ፤ ሥራ ላይ ነኝ» አሉኝ። የክብሪቱን እንጨት ጎማው ላይ ሊያቆሙት ሞከሩ። አልቆመም። የሚቆምበት ቦይ አልነበረም። ወደ ሁለተኛው ሄዱ። ወደ ሦስተኛው። የድንኳኑ ሰዎች አንድ በአንድ ወጥተው አጥሩ ሥር ቆመዋል። ኩማ በመሐላቸው መጣ።

«ብርቅዬ፣ ነውር ነው። የለቅሶ ቤት ነው።»

«ወድቃ አታውቅም ያሉት እርስዎ አይደሉ ጋሼ ኩማ? ታዲያ ምን ያስፈራዎታል?»

አራተኛው ላይ ደምሴ ረዘም አድርገው ቆዩ። ሳይነሡ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«ነይ፣ ንኪው።»

ተንበረከክሁ። መዳፌን ጎማው ላይ አሳለፍኩ። ልሙጥ ነበር።

«ወድቃለች» አሉ። ጮክ አላሉም፤ ግን ግቢው ሁሉ ሰማ። «ያቺን ማክሰኞም ወድቃ ነበር።»

ወረቀት ጠየቁኝ። ከድንኳኑ የአባቴን የሕይወት ታሪክ አመጣሁላቸው፤ ጀርባው ባዶ ነው። ኮፈኑ ላይ አስደግፈው ቀኑን ጻፉ፣ የመኪናዋን ቁጥር ጻፉ፣ ውጤቱን ጻፉ።

«ባለንብረት?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

የአባቴ ስም አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት።

«ብርቅዬ ማቴዎስ» አልኩ።

ጻፉ።

«ያየ ምስክር?»

«ብርቅዬ ማቴዎስ» አልኩ። «አሁን ነክቻለሁ።»